ትልቁ አባት የሰጡን አጥንት

ኮምቦልቻ በምሠራበት የማዋለጃ ክፍል አንዳንድ ጊዜ እናቲቱ ደም ፈሷት ትዳከምና ልጇን ለማጥባት አቅም ታጣለች። ያኔ አጠገቧ የተኛችው ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "አምጡት እስቲ፣ እኔ ላጥባው" ትላለች። መመሪያው ሌላ ይላል፤ እኔም መመሪያውን እናገራለሁ። ሕፃን እያለቀሰ መመሪያ የምትሰማ ሴት ግን እስካሁን አላየሁም። ልጁ ጠግቦ ሲተኛ አያትየዋ ወደ አጥቢዋ ጠጋ ትልና "የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ? አገርሽስ ወዴት ነው?" ብላ ትጠይቃለች።

ጥያቄው ክፋት የለውም። በእኛ አገር አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። ነገ አድገው ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ቤተሰቦቻቸው ዛሬውኑ መተዋወቅ አለባቸው። ስልክ ይለዋወጣሉ፣ በዓል ሲመጣ ይጠያየቃሉ፤ እዚያ አልጋ ላይ የተጀመረ ዝምድና ዕድሜ ልክ ሲዘልቅ አይቻለሁ። ደስ የሚል ደንብ ነው። እኔን ግን ጥያቄው በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። በቀደም ዕለት አንዷ አያት ላይ "ኧረ እማማ፣ ልጁ መጀመሪያ እትብቱ ይድረቅለት! ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ማንን እንደማያገባ ሊነግሩት ነው?" ብዬ ጮኽኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣችኝና "ምን ሆነሻል? ሴትዮዋ ምን አለች?" አለችኝ።

ምንም አላለችም። ሴትዮዋ አላጠፋችም፤ ነገሩ የእኔ ነው።

ትልቁ አባት የምንላቸው ሰው የእኔ አባትም አያትም አይደሉም። አጠራሩ የራሳቸው ቤተሰብ ነው፤ እኛም ተከትለን እንጠራቸዋለን። ሐርቡ አካባቢ በሰፊ መሬትና በብዙ ባሪያ መካከል የተወለዱ የባላባት ልጅ ነበሩ። ሲጎለምሱ አገር ገዙ፣ ሲሸመግሉ አዲስ አበባ ሄደው ፓርላማ ተቀመጡ። በእኛ በኩል ባሪያ መሸጥና መግዛት የቀረው በእሳቸው ነው ይባላል። ከላይ ዐዋጅ ቢመጣም ዐዋጁን በአንድ ጆሮው ሰምቶ ሰዎቹን ጓዳ የደበቀው ባላባት ብዙ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን ሰዎች በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ባለበት፣ ነጻ አወጡ። ከዚያ የጎረቤት ባላባቶችን ደጅ እየዞሩ፣ አንዱን በልመና፣ ሌላውን በቁጣ፣ ሌላውን ደግሞ በአማችነት እያግባቡ አስለቀቁ። ይህ እውነት ነው። አያቴ ዓይኑ እያየ የሆነ ነገር ነው፤ ከተለቀቁት አንዱ እሱ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዐዋጅም ከሹመትም በፊት፣ በጡት ነው። ትልቁ አባት ሲወለዱ እናታቸው ከአራስ ቤት ሳይወጡ ሞቱ። በዚያው ሰሞን የወለደች አንዲት ባሪያ በቤቱ ነበረች። በልጅነቷ ከወላጆቿ ተሰርቃ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠች እዚያ የደረሰች ሴት ናት፤ አገሯ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የባላባቱን ልጅ በቀኝ፣ የራሷን ልጅ በግራ ጡቷ አሳደገቻቸው። የግራው ልጅ አያቴ ነው።

ሁለቱ ልጆች ቁርዓን ቤት የገቡት አብረው ነው፤ አንዱ ሊቀራ፣ ሌላው የዚያን ሉህ፣ የመጻፊያ ጣውላውን፣ ሊሸከምለት። አንድ ቀን ሸሁ ጡት የተጣቡ ሰዎች ወንድማማች መሆናቸውን ሲያስተምሩ የባላባቱ ልጅ አያቴን በጣቱ እያሳየ "እንግዲያ ይሄ ወንድሜ ነው?" አለ። ሸሁ በባላባቱ እህል የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ቢሆንም ኪታቡን መካድ አልሆነላቸውም፤ "ወንድምህ ነው" አሉ። ልጁ ቤቱ ገብቶ አባቱን "ወንድሜ ለምን ጓዳ ይበላል?" ብሎ ጠየቀና ተገረፈ። ተገርፎም አልተመለሰም፤ ያለ አያቴ ምግብ አልነካም አለ። በኋላ አንድ ነጋዴ አያቴን ሊገዛ መጥቶ ዋጋ ሲነጋገሩ ሮጦ በነጋዴው በቅሎ ፊት ተዘረረና "እኔንም አብራችሁ ሽጡኝ" ብሎ አካባቢውን በለቅሶ አናወጠው። ሽያጩ ቀረ። ትልቁ አባት ሹም ሆነው ያደረጉት ሁሉ የዚያ ልጅ እምቢታ ነው ብዬ አምናለሁ። እወዳቸዋለሁ። ጠልቻቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ይቀለኝ ነበር።

አያቴን ነጻ ያወጡ ዕለት አንድ ነገር አስተዋሉ። በእኛ አገር ሰው ሲያገባ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ አጥንቱ ይጠየቃል፤ አባቱን፣ የአባቱን አባት እያለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ነጻ የወጣ ባሪያ ግን ምን ይቆጥራል? እናቱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ስለዚህ ትልቁ አባት ከዋርካው ሥር ቆመው የአያቴን እጅ ወደ ላይ አነሱና "ይህ ወንድሜ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በአባቴ ይቆጠራል። ዘሩም የኔ ዘር ነው። በቤቴና በአገሬ 'ባሪያ' የምትለዋን ቃል ያወጣ ከኔ አይደለም" አሉ። ሕዝቡ ሰማ። አያቴ በአንድ ቀን ሰባት ቤት አባት አገኘ። መሬትም ሰጥተውታል፤ እሱ የሚያወራው ግን ስለተሰጠው አጥንት ነበር። የእናቱን ስም ያነሳ ሰው አልነበረም። ቆጠራው የሚሄደው በወንድ በወንዱ ነው።

በየዓመቱ ሐርቡ ላይ ለትልቁ አባት ዱዓ ይደረጋል። ሰንጋ ይታረዳል፣ ዘመድ ከደሴም ከአዲስ አበባም ይሰበሰባል። አባቴ ነጭ ለብሶ ከፊት ይቀመጥ ነበር። ንግግሩ ሁሉ ሲያበቃ ሐጂው፣ ማለትም ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩት የትልቁ አባት የመጨረሻ ልጅ፣ "ወንድሜ፣ እስቲ ቁጠርልን" ይሉታል። አባቴ ይነሳል። ጉሮሮውን ይጠርግና ከራሱ ጀምሮ፣ ከአባቱ አልፎ፣ በተሰጠው በኩል እየዘለቀ እስከ ሰባተኛው ያደርሰዋል። ሰው ሁሉ "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" ይላል። በየመካከሉ ዓይኑን የሚጠርግም ነበር። ሐጂው አባቴን "ወንድሜ" እያሉ "አንተ" ነበር የሚሉት፤ አባቴ ግን፣ በዕድሜ ብዙም ሳይበልጡት፣ "እርስዎ" ይላቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን አላስተዋልኩም። በአባቴ እኮራ ነበር፤ ቤት ስንገባ እኔንም ስሞቹን እያስደገመ አስጠናኝ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አጥንት ቆጥሬአለሁ።

እሱ፣ የወደድኩት ሰው፣ የሐጂው ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሚስትና ልጅ አለው። ልጆች ሳለን በዱዓው ላይ ከትልልቆቹ ጀርባ አብረን ስጋ እንሰርቅ ነበር። ካደግን በኋላ እኔ ደሴ አዋላጅነት ስማር፣ እሱ ከአባቱ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሥራ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ እሱም ቆርቆሮና ብረት ሊጭን መመላለስ አበዛ። ያች አይሱዙ መኪናው ከጤና ጣቢያችን በር ካልቆመች ጭነቱ የሚጎድል ይመስለው ነበር። ጥበቃው እኔን ሲያይ "ዛሬስ ምን ሊያዋልዱ ነው ሲስተር፣ ቆርቆሮ?" እያለ ይስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ። ደሴ ብርድ ናት፣ ኮምቦልቻ ሙቀት፤ እሱ ሁልጊዜ ጃኬት ለብሶ ይመጣና በሩ ላይ ያወልቀዋል። ያንን ጃኬት ይዤለት መቆም እወድ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ወንድ ሰው ጃኬት ሲያወልቅ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ።

ጅሎች አልነበርንም። የአጥንቱን ነገር ተነጋግረንበታል። እሱ "አያቴ እኮ ያንን ነገር ቀብረውታል፤ እኛ ቤት ቃሉ ራሱ የለም" አለኝ። የጡቱስ ጉዳይ ብዬ እኔ ራሴ አንድ ሸህ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ሸሁ ሳቅ ብለው "ጡት የተጣቡት አያቶቻችሁ ናቸው። እናንተ የልጅ ልጅ ናችሁ፤ እናንተ ጋ አይደርስም። ሐላል ነው ልጄ፣ አብሽሪ" አሉኝ። እየዘለልኩ ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ከዚያ እሱ ለቤተሰቡ ተናገረ፤ ሐጂውም ራሳቸው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። የልጁ አባት ሲሆኑ ደንቡ ሽማግሌ መላክ ነበር፤ እሳቸው ግን "ወንድሜ ቤት ለመምጣት መልክተኛ አልፈልግም" ብለው ሳቁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ሻዩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ አቅርቤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ ማሽላው ተጫወቱ። በኋላ ሐጂው "እንግዲህ ደንብ ነውና፣ ወንድሜ፣ እስቲ እንቆጣጠር" አሉ።

ያኔ ነው አባቴ የተሳሳተው። እንደሱ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሌላ ቤተሰብ በአገሩ ያለ አይመስለኝም። ተነስቶ ቆመ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ልክ እንደ ዱዓው ቀን፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ኩራት፣ መቁጠር ጀመረ። ልጁን የሚድርበት ቀን ነው፤ ካለው ሁሉ የሚበልጠውን ንብረት አውጥቶ እንግዳ ፊት መዘርጋቱ ነበር። ራሱን፣ አባቱን አለ። ቀጥሎ የሐጂውን አያት ስም ጠራ። እዚያ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ሳል አለ። እኔ መጋረጃውን በጥርሴ ነክሼ "አባዬ ተው፣ እዚያ ላይ ቁም" እላለሁ በሆዴ። አልቆመም። ሰባተኛው ድረስ አድርሶ ተቀመጠ።

ሐጂው "አልሐምዱ ሊላህ" አሉ። "አጥንት ካንተ በላይ ማን ይቆጥራል! እንግዲህ በገዛ አፍህ ተናገርከው። ልጅህ ልጄ ናት። ወንድም እህቱን ያገባል እንዴ? አላህ ከሌላ ወገን ደግ ባል ይስጣት።" ሽማግሌዎቹ "አሚን" አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው፣ መርቀው፣ አባቴን በሁለት ትከሻው ስመው ወጡ። አባቴ የአጥሩ በር ላይ እጁን እንዳነሳ ቀረ። መኪናቸው ከታጠፈም በኋላ አላወረደውም።

ብዙ ጊዜ ተናድጄበታለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ምን ይቆጥር ነበር እላለሁ። እውነተኛውን ቢቆጥር አባቱን ይልና አንዲት ስሟ የማይታወቅ ሴት ጋ ይደርሳል፤ ያኔም አይሰጡኝም። የተሰጠውን ቢቆጥር እህት እሆናለሁ፤ አሁንም አይሰጡኝም። ሐጂው መልሱን ይዘው ነው ጥያቄውን የጠየቁት።

በማግስቱ አባቴ ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ሲጠርግ አገኘሁት። "ልበሺ፣ ደሴ እንሄዳለን" አለኝ። ሚኒባስ ያዝን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ሐጂው ከበር ተቀበሉን። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከትልቅ ሶፋ በላይ፣ የትልቁ አባት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ካባ ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። የሐጂው ሚስት ተምርና ሻይ አመጡልን። አባቴ ሶፋው ላይ አልተቀመጠም። ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

"ሐጂ" አለ፣ "ትናንት የቆጠርኩት እውነት አይደለም።"

"ተነስ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው? ኧረ በአላህ ተነስ!"

"ልጨርስ። አያቴ ባሪያ ነበረች። የእርስዎን አባት ያጠባች፣ የተገዛች ባሪያ። ደሜ ከደምዎ አይገናኝም። የሰጡንን አጥንት መልሻለሁ፣ ይውሰዱት። ልጆቹ ይጋቡ።"

አባቴ ያችን ቃል ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እኛም ቤት የተከለከለች ናት። ሕዝብ ፊት ከፍ አድርጎ ይቆጥር የነበረውን ነገር ሁሉ፣ አያቴ ከዋርካው ሥር የተቀበለውን፣ ለእኔ ሲል ምንጣፍ ላይ አራገፈው። ሄጄ ባነሳው ደስ ባለኝ፤ ግን አላነሳሁትም።

ሐጂው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "አስተግፊሩላህ! ይህን ቃል በዚህ ቤት? በአባቴ ፎቶ ሥር? አባቴ እኮ ይህች ቃል ከደጃፋችን እንዳትገባ አስምለውን ነው የሞቱት! ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ነገር ለአንድ ጋብቻ ብለህ ታፈርሳለህ? እኔ አልሰማሁህም። ወላሂ አልሰማሁህም። አንተ ወንድሜ ነህ፣ ወንድሜ ሆነህ ትሞታለህ።" ከዚያ አለቀሱ። እኔን የገደለኝ ያ ለቅሶ ነው፤ የማስመሰል አልነበረም። የእኔና የአባቴ ነገር እውነት አሳዝኗቸዋል። ልጃቸውን ግን አይሰጡም።

እኔ አፌን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። "ሐጂ" አልኳቸው፣ "እርስዎ ያገቧቸው የአጎትዎን የልጅ ልጅ አይደለም እንዴ? ያኔ ወንድምና እህት የት ሄዶ ነበር?" ሚስታቸው ትሪውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሐጂው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሐዘን አይተውኝ "ልጄ ተናዳለች፤ እውነቷን ነው፣ ልጅነት ነው" አሉና ለአባቴ ተምር አቀረቡለት። አባቴ አልነካውም።

ስንወጣ አባቴ ጫማውን ማግኘት አቃተው፤ ዓይኑ እያየ እጁ ሌላ ቦታ ይዳብሳል። ሐጂው ጎንበስ ብለው የአባቴን ጫማ አነሱ፣ ለእግሩ እንዲመች አዙረው አስቀመጡለት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክብር ለሸህ ነው የሚሰጥ። ከዚያ በሩ በቀስታ ተዘጋ።

ቁልቁል ስንመለስ፣ ኮምቦልቻ ከታች መታየት ስትጀምር፣ አባቴ "ሁለቱንም ነገርኳቸው" አለኝ። "ሌላ የምነግራቸው የለኝም።"

የሐጂው ልጅ ወዲያው አልተወኝም። "አዲስ አበባ እንሂድና ኒካህ እንሰር" አለኝ። አባቴም "ማንም ባይኖር እኔ እድራታለሁ" ብሎ ነበር። ቀን ቆረጥን። ከዚያ አይሱዙዋ መጥታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመች፤ ሞተሩ አልጠፋም። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ ነገረኝ። እናቱ ፊቱ ቆመው ጡታቸውን ይዘው "ያጠባሁህን ሐራም አደርግብሃለሁ" ብለውታል። ይህን ከእናቱ አፍ ሰምቶ የሚሄድ ወንድ በአገራችን የለም፤ እኔም ሂድ አልለውም ነበር። "ገባኝ" አልኩት። የገባኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእናቱ ጡት ይህን ያህል ኃይል አለው፤ የኔ ቅድመ አያት ጡት ግን የሚታወሰው እኔን ለመከልከል ሲፈለግ ብቻ ነው። ይህን አልነገርኩትም። ጃኬቱን እንደለበሰ ነበር። ላብ በአንገቱ ይወርዳል፤ አላወለቀውም።

ከሌላ ወገን የመጡ ነበሩ። አንዱ ደግ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ፤ ሽማግሌ መጥቶ "እንቆጣጠር" ሲል ዳግመኛ ከመጋረጃ ጀርባ መቆም አልፈለግሁም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሐርቡ አልሄደም። ለዱዓው በየዓመቱ ከደሴ መኪና ይላክለታል፤ እሱ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ "አሞኛል በሏቸው" ይላል። መኪናው ሲሄድ ተነስቶ ግቢውን ይጠርጋል። ስሞቹን ዳግመኛ ሲጠራ አልሰማሁትም። አንዴ ብቻ፣ የስኳር በሽታ እግሩን ከጎዳው በኋላ፣ ቁስሉን እያጠብኩለት "አባቴን አንድ ነገር ሳልጠይቀው ቀረሁ" አለኝ።

"ምን?"

"እናቱ ማን ትባል እንደነበር። ሰባት ስም ሲያስጠናኝ እሷን ረሳን። እሱ ያውቅ ነበር እኮ። መጠየቅ ብቻ ነበር።"

"ምናልባት ሌላ የሚያውቅ ይኖራል" አልኩት።

"ማን? ያጠባቻቸው ሁሉ ሞተዋል።"

ፋሻውን ጠቅልዬ ጨረስኩ። ስሟን ቢያውቅ ኖሮ ምን ያደርግበት እንደነበር አልጠየቅሁትም። አሁን አሁን አዲስ እናት ስትገባ ስሟን ካርዱ ላይ ከመጻፌ በፊት በአፌ ደጋግሜ እጠራታለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልማድ ነው ብለው ይስቃሉ።

አባቴ ያረፈው ያለፈው ክረምት ነው። ቀብሩን ለማንም ሳላስነግር ሐጂው ሰምተው በጠዋት ደረሱ። በከዘራና በሰው ተደግፈው፣ ከነልጆቻቸው። እሱም መጣ። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ከአጥሩ ሆኜ ጭቃው ውስጥ ሲያዳልጠውና ትከሻው ከቃሬዛው ሥር ሳይወጣ ሲቀር አየሁት። ሲመለሱ ሐጂው ድንኳኑ ውስጥ ከሐዘንተኛው ቦታ ተቀመጡ። ለቅሶ ለመድረስ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጽናናው እሳቸውን ነበር። "ወንድሜን ቀበርኩ" ይላሉ፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ። ሰው ሲሞላ ዱዓ አስደረጉ። ዱዓው ሲያልቅ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የአባቴን አጥንት ቆጠሩ።

እኔ በሴቶቹ በኩል ነበርኩ፤ በመካከላችን አንድ ሸራ ብቻ ነው ያለው። ስሞቹ በአባቴ ቅደም ተከተል መጡ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሸራውን በእጄ ጨበጥኩ። በሸራው ወዲያ "ማሻአላህ" የሚል ድምፅ ተነሳ፤ አባቴ እዚያ ኖሮ የሚሰማው መሰለኝ፣ ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለኝ። ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሴቶቹ ለአባቴ ያለቀስኩ መስሏቸው ያዙኝ። ለአባቴም ነበር።

ከቀትር በኋላ ሰው ሲቀንስ እሱ ወደ እኛ በኩል ብቅ አለ። ትንሽ ሴት ልጁን በእጁ ይዟል። ልጅቷ እንደተነገራት መጥታ እጄን ሳመችና "አብሽሪ አክስቴ" አለችኝ። ጥርሷ የወለቀ፣ ዓይኗ ቁርጥ የእሱ። አቀፍኳት። እሱ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል። በመጨረሻ "ምሳ በልተሻል?" አለኝ። አልበላሁም አልኩት። ሄዶ ሳህን አምጥቶ ከፊቴ አኖረልኝ፤ እስክጎርስ ድረስ ቆሞ አየኝና ልጁን ይዞ ወጣ።

አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ከአንዷ ጎረቤት ጋር ለለቅሶ የመጣች፣ እኛን የማታውቅ እንግዳ ነበረች። በዓይኗ ሸኝታው ወደኔ ጠጋ አለችና "የኔ እናት፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?" አለችኝ።

ይህን ቃል ሐጂው ብለውታል፣ አባቴም በገዛ አፉ ቆጥሮታል፤ ከእኔ አፍ ግን እስከዚያ ቀን አልወጣም ነበር። ጉርሻውን ዋጥኩ።

"ወንድሜ ነው" አልኳት።

"ታድለሽ" አለች። "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው።"